የዳገቱ ጩኸት

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጣ መኪና ከመታየቱ በፊት ይሰማል። እዚያ ሰፈር የሚሠራ መካኒክ ጎንበስ እንዳለ፣ ቀና ብሎ ሳያይ ይለየዋል፤ ይኼኛው ማርሚታው የተበሳ ነው፣ ያኛው ሆን ተብሎ የወጣለት። በየካ ጋራዦች የኋለኛው ዓይነት ደንበኛ አይጠፋም። «ማርሚታውን ቆርጠህ ቀጥ ያለ ቱቦ በይድልኝ» ይላል።

ለምን ሲባል፣ «ዳገት ላይ ደከመብኝ።»

መድከሙ እውነት ነው። ጥፋተኛው ግን ሌላ ነው። ሞተር ከነዳጁ ይልቅ አየር በብዛት ይበላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሯ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ 3,000 ሜትርን ያለፈው እንጦጦ ጫፍ ላይ ጉድለቱ ሲሶ ይጠጋል። ጅቡቲ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ቱርቦ አልባ መኪና መገናኛ ሲደርስ 75 ቢቀረው ነው። የጎደለውን የወሰደው ከፍታው እንጂ ከኋላ የተንጠለጠለው ቆርቆሮ አይደለም።

ማርሚታ ከጣሊያንኛ የወረስነው ቃል ነው፤ ጣሊያኖቹ ትልቅ ድስትንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ይተኩሳል። ድስቱ ውስጥ ያሉት ወንፊት መሰል ቱቦዎችና ክፍሎች የተኩሱን ማዕበል እርስ በርሱ አጋጭተው ያበርዱታል። ቀጥታ ቱቦ ሲገባ ተኩሱ እንዳለ ይወጣል፤ ሹፌሩም ጩኸቱን ጉልበት ነው ብሎ ያምናል። መካኒኩ ክርክር አይወድም። ያንኑ ዳገት፣ በዚያው ማርሽ፣ ከብየዳው በፊትና በኋላ በሰዓት ለክቶ መምጣት ነው።

ለሐቁ ያህል፣ ባለ ቱርቦ ሞተር መውጫው ሲሰፋለት ጥቂት ይጠቀማል። የተዘጋ ማርሚታም የምር ጉልበት ይነጥቃል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ከሾላ ገበያ ኮተቤ እየተመላለሰ በቅጡ ሳይሞቅ የሚጠፋ መኪና ውኃው ማርሚታው ውስጥ ተኝቶ ከውስጥ ያዝገዋል፤ የተቆረሰው ላሜራም መውጫውን ይደፍናል። በእጅ መታ መታ ሲያደርጉት ከተንኳኳ በሽታው ተገኘ፤ መድኃኒቱ ሌላ ማርሚታ ነው።

የከፋው፣ ቁርጡ ወደ ፊት ገፍቶ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩንም ይዞት ሲወጣ ነው። በውስጡ ያሉት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም መርዛማውን ጭስ የሚያመክኑ ናቸው። እሱ ከሌለ የሞተር መብራቱ ዳሽቦርድ ላይ በርቶ ይቀራል። ቱቦው አጥሮ ወለሉ ሥር ካበቃ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሽታ የለውም፣ በእንጦጦ ብርድ መስኮት የሚከፍትም የለም። ውጪ ያለው ጭስ ለማን እንደሚተርፍ የማለዳ ሯጮችንና ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ያውቃል። ጩኸቱም ቢሆን ወሰን አለው፤ የአገሪቱ መለኪያ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው የሚፈቅደው። በሌሊት ዳገቱን የሚያስጮኸው ግን ሰፈሩን ሁሉ ሳያማክር ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ መካኒኩን የሚያስቀው ነገር በዝቷል። አየር የማይበላው የኤሌክትሪክ መኪና ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም። ማርሚታ የለው፣ ተኩስ የለው፤ የሚያጓራውን በዝምታ አልፎት ይወጣል።

ቱቦውን ካላስገባሁ ሞቼ እገኛለሁ የምትሉ፣ የወለቀውን ማርሚታ ለቁራሌው አትስጡት። ሊያስመልሱ የሚመጡ ደንበኞች አሉና።