ስለ ቤት ጠባቂ ካሜራ አተካከልና አጠቃቀም

በዛሬው ጊዜ በአዲስ አበባ ቤት ሠርቶ አጥሩን የጨረሰ ሰው፣ ከቆርቆሮው በር በላይ አንድ ካሜራ ካላስተከለ ቤቱ የተሟላ አይመስለውም። ቀድሞ በአጥር ላይ የጠርሙስ ስብርባሪ ይደረደር ነበር፤ ዛሬም ይደረደራል፤ ካሜራው በዚያ ላይ የተጨመረ ነው። ሻጩ «እንቅልፍ የማያውቅ ዘበኛ ነው» እያለ ዕቃውን ያወድሳል፤ ገዢውም ያምነዋል። የሆነ ሆኖ ካሜራ ሌባ አይዝም፤ በርም አይዘጋም። ሥራው ማየትና ያየውን ማስቀመጥ ነው። ምን እንዲያይ፣ ያየውንም ለማን እንዲያሳይ መወሰን የባለቤቱ ፈንታ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ይህን ውሳኔ ለገጣጣሚው ትቶለታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ስለዚሁ ውሳኔ መናገር ነው።

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሽቦና ስለ ሌንስ መጻፉ የኢንጂኒየሪንግ ወንድሞቻችንን ያስቃቸው ይሆናል። ነገር ግን ዘመድ ፋኩልቲ አይለይም። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ሁሉ ቴሌቪዥን ይጠግናል፣ ስልክ ያስተካክላል፣ ካሜራም ይተክላል ተብሎ ስለሚታመን፣ ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ ከአጎታችን ጥያቄ የምናመልጥ ጥቂቶች ነን።

አስቀድመን የነገሩን መነሻ እንመልከት። በኒው ዮርክ ከተማ፣ በኩዊንስ ክፍል፣ ጃማይካ በሚባለው ሠፈር ወይዘሮ ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው አልበርት ብራውን የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነበሩ። የሁለቱም የሥራ ሰዓት የተወሰነ ስላልነበረ፣ ወይዘሮ ማሪ በሌሊት ብቻቸውን ቤት የሚውሉበትና የሚያድሩበት ጊዜ ብዙ ነበር። በሠፈሩ ወንጀል በዝቷል፤ ፖሊስም ሲጠራ ፈጥኖ አይደርስም። በር በተንኳኳ ጊዜ ሄዶ መክፈትም አለመክፈትም የሚያሠጋ ሆነባቸው። ስለዚህ ባልና ሚስት ተባብረው አንድ መሣሪያ ነደፉ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ መንግሥት የፈጠራ መብት ማመልከቻ አቀረቡ፤ ዲሴምበር 2 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. በቁጥር 3,482,037 ተመዝግቦ ተፈቀደላቸው።

መሣሪያው እንዲህ ያለ ነበር። በበሩ ላይ ከላይ ወደ ታች አራት ቀዳዳዎች ተበጅተዋል፤ የላይኛው ለረጅም ሰው፣ የታችኛው ለሕፃን ነው። ከበሩ በስተ ውስጥ ያለች ካሜራ በሞተር ኃይል ወደ ላይና ወደ ታች እየሄደች በየቀዳዳው ትመለከታለች። ሥዕሉ መኝታ ቤት ባለው ቴሌቪዥን ላይ ይታያል። በማይክሮፎን «ማን ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መስማት ይቻላል። እንግዳው የታወቀ ሰው ከሆነ ከአልጋ ሳይነሡ በሩን የሚከፍት፣ የሚያሠጋ ከሆነ ደግሞ ለጥበቃ ምልክት የሚልክ ቁልፍ አለ። ዛሬ በየቤቱ የምናየው ሁሉ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በወይዘሮ ማሪ መሣሪያ ውስጥ የሚያየው ሰው በውስጥ ብቻውን ሆኖ የፈራው ሰው ነው፤ የሚታየውም በሩን ያንኳኳው ነው። የዛሬዎቹ ካሜራዎች ወደየት እንደዞሩ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በገበያ ያለው ዕቃ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው በሽቦ ተያይዞ ሁሉም ወደ አንድ መቅጃ፣ ማለት ወደ ዲቪአር ወይም ኤንቪአር የሚገባ ነው። ሁለተኛው በዋይፋይ የሚሠራና ያየውን በትንሽ ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚያስቀምጥ ነው። ሁለተኛውን «ገመድ አልባ» ይሉታል፤ ብዙው ግን የኤሌክትሪክ ገመድ ሳይኖረው አይሠራም። ለተከራየ ክፍል ይህ ይበቃል። ለግቢ ግን በሽቦ የሚሄደው ይመረጣል፤ በተለይም በአንድ የኔትወርክ ገመድ ኤሌክትሪኩም ሥዕሉም አብረው የሚሄዱበት ዓይነት ሥራን ያቃልላል። የገመዱ ርዝመት ግን ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም።

ከሁሉ የሚበልጠው የቦታ ጉዳይ ነው። ሻጭ ስለ ሜጋፒክስል ብዙ ይናገራል፤ ስለ ርቀት ግን ዝም ይላል። በዚህ ሙያ የተለመደው መለኪያ ይህ ነው፦ የማናውቀውን ሰው መልክ ለይቶ ለማስረዳት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል ያስፈልጋል፤ የምናውቀውን ሰው «እገሌ ነው» ለማለት 125 ይበቃል፤ ሰው መኖሩን ብቻ ለማወቅ 25 ይበቃል። ባለ ሁለት ሜጋፒክስል ካሜራ በአግድም 1920 ፒክስል አለው። ይህን ለ250 ብናካፍለው ወደ 7 ሜትር ከ70 ይመጣል፤ እንግዲህ ሥዕሉ ከዚህ የሰፋ ቦታ በያዘ ጊዜ የሌባውን መልክ መለየት ያዳግታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ አብሮ የሚሸጠው 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ሰፊ ስለሚያይ፣ ይህን ስፋት የሚሞላው ገና በሦስት ሜትር ገደማ ላይ ነው። በስድስት ሜትር ላይ ጎረቤትህን ታውቀዋለህ። በሃያ ሜትር ላይ የምታየው ኮት የለበሰ አንድ ሰው ብቻ ነው። ብዙ ቤተሰብ ከተሰረቀ በኋላ ሥዕሉን ከፍቶ የሚያዝነው ስለዚህ ነው፤ ሌባው አለ፣ ሲዘልም ይታያል፣ መልክ ግን የለውም።

ስለዚህ አንዱ ካሜራ ግቢውን በሰፊው ይይ፤ ሁለተኛው ግን የገባ ሁሉ ሊያልፍበት ግድ በሆነ ጠባብ ቦታ ላይ፣ ይኸውም በትንሿ የእግረኛ በር አጠገብ ይተከል። ከፍታው ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ቢሆን ደግ ነው። ከዚያ ዝቅ ካለ እጅ ይደርስበታል፤ ከጣራው ጫፍ ላይ ከተሰቀለ ደግሞ የሚያየው ባርኔጣ፣ ጃንጥላና ነጠላ ነው። በሩ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ከሆነ የጧት ፀሐይ ሌንሱ ውስጥ ስለምትገባ ሰውየው ጥቁር ጥላ ይሆናል፤ ካሜራውን ወደ ጎን ዘወር ማድረግ ይሻላል።

በሌሊት ካሜራው ለዓይናችን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን እየለቀቀ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ያነሣል። ይህ ብርሃን ከፊቱ ቅርብ ግድግዳ ወይም አዲስ ቆርቆሮ ካገኘ ተመልሶ ሥዕሉን ያነጣዋል። ሸረሪት ደግሞ ሙቀቱንና ወደ ብርሃኑ የሚመጣውን ትንኝ ስለምትወድ ድሯን እዚያው ትሠራለች። በክረምት የዝናቡ ጠብታ ሁሉ እንደ ክር እያበራ ያልፋል። መፍትሔው በየወሩ በደረቅ ጨርቅ መጥረግና ከበሩ ላይ አንድ ተራ አምፖል ማብራት ነው።

አሁን ወደ ማስቀመጡ እንምጣ። አንድ ካሜራ በሴኮንድ 4 ሜጋ ቢት ቢልክ በአንድ ቀን 43 ጊጋባይት ያህል ይሞላል። አራት ካሜራ 173 ገደማ ነው። እንግዲህ ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ስድስት ቀን እንኳ ሳይሞላ ይጠግባል፤ ከዚያም የቆየውን እየሰረዘ በአዲሱ ይተካል። ኤች 265 የሚባለው የአጨማመቅ ዘዴ ይህን ወደ እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል። ለሠርግ ወይም ለልቅሶ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዶ በሁለት ሳምንቱ የሚመለስ ቤተሰብ ይህን ሒሳብ ቀድሞ ካልሠራ፣ ሌባው የገባበት ቀን ተሰርዞ ይጠብቀዋል። አንድ ነገር እንደ ደረሰ ወዲያው ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ካሜራውም ይተኛል። አራት ካሜራና መቅጃው በጠቅላላው 35 ዋት ያህል ቢበሉ፣ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው ትንሽ ዩፒኤስ በሒሳብ ከሁለት ሰዓት በላይ ይዞ ሊቆይ ይገባዋል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ ግን ከሁለት ሰዓት በታች ነው። ራውተሩም ከዚያው ባትሪ ካልተገናኘ በስልክ የሚመለከት ሰው ምንም አያይም።

የሰዓቱ ነገር ቀላል ይመስላል፤ እኛን ኢትዮጵያውያንን ግን ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ ያስቸግረናል። ዘበኛው «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ድምፅ ሰማሁ» ብሎ ሲናገር መቅጃው የጻፈው 02:00 ነው። ቀኑም በፈረንጅ አቈጣጠር ነው። በዚህ ላይ ከቻይና የመጣው መሣሪያ የቻይናን ሰዓት እንደያዘ ከቀረ አምስት ሰዓት ይቀድማል። ዘበኛው፣ ባለቤቱና ሥዕሉ ሦስት ሰዓት ተናግረው ፖሊስ ጣቢያ ሲቀርቡ ዘበኛው ውሸታም ይባላል። እኔ በበኩሌ ከዚህ የከፋ የመሣሪያው ጥፋት አላይም፤ ምክንያቱም ያየውንና የሰማውን በቅን የተናገረ ሰው በመሣሪያ ምስክርነት ሊባረር ይችላልና። መሣሪያው በተተከለ ቀን የሰዓቱን ክልል ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ወደፊት ማድረግ፣ በመቅጃውም አጠገብ የሁለቱን አቈጣጠር ልዩነት የሚያሳይ ወረቀት መለጠፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ ይለፍ ቃልም አንድ ነገር ልበል። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃል ሳይለውጡ ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደ መተኛት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም በዚሁ ቀዳዳ ገብቶ እጅግ ብዙ የቤት ካሜራዎችንና መቅጃዎችን ገዛ፤ በኦክቶበር ወር ሁሉንም በአንድ ጊዜ አዝምቶ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶችን ለሰዓታት አስተጓጎለ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ሌላውን የሚያጠቃ ጦር በቤታቸው እንዳለ አላወቁም ነበር። ገጣጣሚው የይለፍ ቃሉን ለራሱ ይዞ እንዳይቀርም መጠንቀቅ ይገባል።

ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ያልሁት ነገር ይህ ነው። ካሜራው ከአጥር ከፍ ብሎ ሲተከል የራስን በር ብቻ አያይም፤ የጎረቤትን ጓሮ፣ ልብስ የሚሰጣበትን ገመድ፣ በኮንዶሚኒየምም የሁሉም የሆነውን ደረጃና መተላለፊያ ያያል። በቼክ ሪፐብሊክ የቤቱ መስኮት በተደጋጋሚ የተሰበረበት አንድ ሰው ከጣራው ሥር ካሜራ ቢተክል፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ሁለት ተጠርጣሪዎች በሥዕሉ ተያዙ። ካሜራው ግን የሕዝቡን መንገድና የፊት ለፊቱን ቤት መግቢያም ያይ ስለነበር ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ አቤቱታ አቀረበ። ነገሩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ዲሴምበር 11 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለው ካሜራ የሕዝብን ቦታ እስካየ ድረስ ፍጹም የግል የቤት ጉዳይ ሊባል አይችልም፤ ነገር ግን ሰውዬው ንብረቱንና ቤተሰቡን ለመጠበቅ ያለው ጥቅምም ይታሰብለታል ሲል ወሰነ። በአገራችንም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ብዙዎቹ መቅጃዎች የሥዕሉን አንድ ክፍል በጥቁር የሚሸፍኑበት ዘዴ አላቸው፤ የጎረቤት መስኮት የሚሸፈነው በዚህ ነው።

ከጎረቤት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ነው። የወይዘሮ ማሪ ካሜራ የሚያየው ከበሩ ውጭ ያለውን ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት ካሜራው ወደ ሳሎንና ወደ ማድ ቤት ዞሯል፤ የሚታየውም የቤት ሠራተኛዋ ናት። ባለቤቶቹ ከሥራ ቦታቸው፣ አንዳንዴም ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ሆነው በስልክ ይመለከቷታል። ሕፃን ልጅ ትቶ የሚወጣ ወላጅ ሥጋት እንዳለበት አልክድም። ነገር ግን የራሷ ክፍል የሌላት፣ ማታ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ የምትተኛ ልጅ ስንት ናት! ልብሷን የምትለውጠው የት ነው? ይህን ሥዕል የሚያየውስ ማን ማን ነው? ካሜራው ድምፅ የሚቀዳ ከሆነ ደግሞ ከእናቷ ጋር በስልክ የተነጋገረችውም ተቀምጧል።

አጎታችን ካሜራ ትከልልኝ ባሉን ጊዜ ይህን መጠየቅ ከእኛ ይጠበቃል። ሳሎን ውስጥ ግድ ካስፈለገ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት መቅዳቱን እንዲያቆም በመቅጃው ላይ ማዘዝ ይቻላል፤ ድምፁንም መዝጋት ይቻላል፤ ማድ ቤቱንና መኝታውን ጨርሶ መተው ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን ሠራተኛዋም፣ ዘበኛውም፣ ተከራዩም ካሜራው የት እንዳለ ይነገራቸው። ጽሑፍ መለጠፍ ጥሩ ነው፤ ፊደል ላልቆጠረ ግን መቅጃው ፊት አቁሞ የእያንዳንዱን ካሜራ ሥዕል ማሳየትና «ይህ ይታያል፤ ይህ አይታይም» ብሎ በቃል ማስረዳት ያስፈልጋል።