ቀረጥና የአገልግሎት ክፍያ፦ ከውጭ የታዘዘ ጥቅል ሂሳብ እንዴት ይሰላል?

ከውጭ አገር የታዘዘ ጥቅል ባለቤቱ እጅ ከመግባቱ በፊት ሁለት ዓይነት ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል። አንደኛው መንግሥት የሚሰበስበው ቀረጥና ታክስ ነው። ሁለተኛው ዕቃውን ያመጣው ፖስታ ቤት ወይም የፈጣን መልእክት ድርጅት ጉዳዩን በማስፈጸሙ የሚያስከፍለው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ደረሰኝ ተደምረው ስለሚቀርቡ ተቀባዩ ሁሉንም «የጉምሩክ» ብሎ ይከፍላል። ሆኖም አነሳሳቸው፣ አሰላላቸውና ቅሬታ የሚቀርብባቸው ቦታ ለየቅል ነው። ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ሰው ዕቃውን ከማዘዙ በፊት ሂሳቡን መገመት፣ ያላግባብ ሲጠየቅም የት መሄድ እንዳለበት ማወቅ ይችላል።

ከላኪው እስከ ጉምሩክ

በፖስታ በሚላክ ዕቃ ላይ ላኪው የዓለም ፖስታ ኅብረት ያዘጋጀውን የጉምሩክ ቅጽ ሞልቶ ይለጥፋል። ዋጋው አነስተኛ ለሆነ ዕቃ ሲኤን 22፣ ከዚያ ለሚበልጠው ሲኤን 23 የተባለው ቅጽ ያገለግላል። ቅጹ የዕቃውን ምንነት፣ ብዛት፣ ክብደትና ዋጋ፣ እንዲሁም የተሸጠ ይሁን በስጦታ የተላከ ይገልጻል። በፈጣን መልእክት ድርጅት የሚመጣ ጥቅል ደግሞ የንግድ ኢንቮይስ ይያያዝበታል።

ቀድሞ የጉምሩክ ሠራተኛ እነዚህን ወረቀቶች የሚያየው ጥቅሉ ከደረሰ በኋላ ነበር። ዛሬ መረጃው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ከጥቅሉ ቀድሞ ይደርሳል። የአውሮፓ ኅብረት በአየር ለሚገቡ የፖስታና የፈጣን መልእክት ጥቅሎች ይህን ግዴታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ነው። በቅጹ ላይ «ልብስ» ወይም «ስጦታ» ብቻ ብሎ መጻፍ ጥቅሉን የሚያስይዘውም በዚህ ምክንያት ነው፤ መርማሪው ሳይከፍት ሊወስን የሚችለው ጽሑፉ «ከጥጥ የተሠራ የወንድ ሸሚዝ፣ 2» የሚል ዓይነት ግልጽነት ሲኖረው ነው።

ጥቅሎቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት አሠራር አያልፉም። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት መመሪያ በአራት ይመድባቸዋል፦ ደብዳቤና ሰነድ፣ ዋጋው ዝቅተኛ ሆኖ ቀረጥ የማይከፈልበት፣ ዋጋው ዝቅተኛ ሆኖ ቀረጥ የሚከፈልበት፣ እና ከፍተኛ ዋጋ ያለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በፍጥነት ይለቀቃሉ፤ ሦስተኛው በቀለለ አሠራር ይስተናገዳል፤ አራተኛው እንደ ማንኛውም የንግድ ዕቃ ሙሉ ዲክላራሲዮን ይጠይቃል።

ሂሳቡን የሚወስኑ ሦስት ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ዕቃው ምንድን ነው የሚለው ነው። መልሱ የሚሰጠው በቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩም እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ ላይ ከዋለው ሀርሞናይዝድ ሲስተም ከተባለው ዓለም አቀፍ የዕቃዎች አመዳደብ ይወሰዳል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች በሁሉም አባል አገሮች አንድ ናቸው። የጥጥ ቲሸርት በየትኛውም አገር 6109.10፣ ጫማ በምዕራፍ 64 ውስጥ ነው። ከስድስቱ በኋላ እያንዳንዱ አገር የራሱን አሃዝ ይጨምራል፤ የኢትዮጵያ የታሪፍ መጽሐፍ ስምንት አሃዝ ይጠቀማል። የቀረጡ ምጣኔ የሚነበበው ከዚህ ቁጥር ፊት ለፊት ስለሆነ በአመዳደብ ላይ የሚፈጠር ስህተት በቀጥታ ወደ ኪስ ይደርሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ ዕቃው ስንት ያወጣል የሚለው ነው። መነሻው ገዢው በእርግጥ የከፈለው ዋጋ ነው። በኢትዮጵያ የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ማጓጓዣና መድን ይደመሩበታል፤ በአውሮፓ ኅብረትና በእንግሊዝም እንዲሁ። አሜሪካና ካናዳ ግን ዓለም አቀፉን ማጓጓዣ ከቀረጡ መነሻ ውጭ ያደርጋሉ። ስለዚህ ማጓጓዣው ከዕቃው በሚበልጥበት ትእዛዝ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጉምሩክ የተጻፈውን ዋጋ ከተጠራጠረ ተመሳሳይ ዕቃዎች የተሸጡበትን ዋጋ ወስዶ ሊተምን ይችላል። አንዳንድ ሻጮች ለገዢው እናስብ ብለው ዋጋውን አሳንሰው ይጽፋሉ፤ ይህ ግን ገዢውን ለቅጣት ወይም ለዕቃ መወረስ ያጋልጠዋል። ጥቅሉ ቢጠፋም ካሳው ከተጻፈው ዋጋ ሊያልፍ አይችልም።

ሦስተኛው ጥያቄ ዕቃው የት ተሠራ የሚለው ነው። የተሠራበት አገርና የተላከበት አገር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ከጀርመን ሱቅ የተገዛ በቻይና የተሠራ ጫማ ለቀረጥ ጉዳይ የቻይና ዕቃ ነው። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ ብዙ ገዢዎች በዚህ ነጥብ ግራ ተጋብተዋል፤ የሁለቱ ወገኖች የንግድ ስምምነት ከቀረጥ ነጻ የሚያደርገው በአንዳቸው ግዛት የተሠራውን እንጂ በመጋዘናቸው በኩል ያለፈውን ሁሉ አይደለም።

በታክስ ላይ ታክስ

ብዙ ሰው ምጣኔዎቹን ደምሮ በዕቃው ዋጋ ያባዛና ካገኘው የሚበልጥ ሂሳብ ሲመጣለት ይገረማል። ምክንያቱ ታክሶቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበሩ መሰላታቸው ነው። በኢትዮጵያ የጉምሩክ ቀረጥ የሚሰላው ማጓጓዣና መድንን በጨመረው ዋጋ ላይ ነው። ኤክሳይዝ ታክስ ካለ በዚህ ዋጋና በቀረጡ ድምር ላይ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ እስከዚያ በተደመረው ሁሉ ላይ፣ 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክሱንም ባካተተው ድምር ላይ ይሰላል።

ለምሳሌ እስከ ጉምሩክ ጣቢያው ድረስ 10,000 ብር የወጣበት፣ 35 በመቶ ቀረጥ የሚከፈልበትና ኤክሳይዝ የሌለበት ዕቃ ይወሰድ። ቀረጡ 3,500 ብር ነው፤ ድምሩ 13,500 ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 2,025 ብር ሆኖ ድምሩን ወደ 15,525 ያደርሰዋል። ሱር ታክሱ 1,552 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ሦስቱ በአንድ ላይ 7,077 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናሉ። ምጣኔዎቹ ሲደመሩ 60 በመቶ ቢሆኑም የተከፈለው ከዋጋው 70 በመቶ በላይ ነው። ስሌቱን ግልጽ ለማድረግ ሌሎች ክፍያዎች እዚህ አልተካተቱም።

የአገልግሎት ክፍያ

መንግሥት ታክሱን ከእያንዳንዱ ተቀባይ በር እየሄደ አይሰበስብም። ፖስታ ቤቱ ወይም የፈጣን መልእክት ድርጅቱ መረጃውን ለጉምሩክ ያቀርባል፣ ጥቅሉን ለምርመራ ያቀርባል፣ ብዙ ጊዜም ታክሱን ከራሱ ካዝና ቀድሞ ይከፍልና ከተቀባዩ ያስመልሳል። የአገልግሎት ክፍያው የዚህ ሥራ ዋጋ ሲሆን ለመንግሥት ገቢ አይሆንም።

አተማመኑ ሁለት ዓይነት ነው። ፖስታ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ቁርጥ ዋጋ ያስከፍላሉ፤ የእንግሊዙ ሮያል ሜይል 8 ፓውንድ፣ የካናዳ ፖስታ 9 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሲያስከፍሉ ቆይተዋል። የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ደግሞ ቀድመው ከከፈሉት ታክስ ላይ በመቶኛ ያሰላሉ፤ ስሌቱ ካስቀመጡት ዝቅተኛ ክፍያ ካነሰ ዝቅተኛውን ይወስዳሉ። ጥቅሉ ሳይወሰድ ከቆየ የመጋዘን ኪራይ፣ ሙሉ ዲክላራሲዮን ካስፈለገ የጉምሩክ አስተላላፊ ዋጋ ሊጨመር ይችላል።

ቁርጥ ክፍያ ከሁሉ በላይ የሚከብደው በርካሽ ዕቃ ላይ ነው። ወደ እንግሊዝ የሚላክ ስጦታ ዋጋው ከ39 ፓውንድ ካላለፈ ታክስ አይጠየቅበትም። ታክስ የሚሰላበት ዋጋ 45 ፓውንድ ቢሆን 20 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ 9 ፓውንድ ነው፤ 8 ፓውንዱ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር ሂሳቡ እጥፍ ለመሆን ይቃረባል። በ130 ፓውንድ ስጦታ ላይ ታክሱ 26 ፓውንድ ሲሆን የአገልግሎት ክፍያው ግን ያው 8 ነው።

ከክፍያ ነጻ የሆነ የዋጋ ወሰን

ታክሱን ለመሰብሰብ የሚወጣው ወጪ ከታክሱ ሲበልጥ መሰብሰቡ ትርጉም የለውም። ብዙ አገሮች ከተወሰነ ዋጋ በታች ያለን ጥቅል በነጻ የሚያሳልፉት በዚህ ስሌት ነው። አሜሪካ ይህን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1938 በሕግ ስታስገባ ለተራ ዕቃ ወሰኑ 1 ዶላር ነበር። በ1993 ወደ 200፣ በ2016 ወደ 800 ዶላር ከፍ አለ። በኢንተርኔት መገበያየት ሲስፋፋ በዚህ በር የሚገባው ጥቅል በዝቶ በ2024 የበጀት ዓመት ከ1.3 ቢሊዮን አለፈ።

የአገር ውስጥ ነጋዴዎች እኛ በምንከፍለው ታክስ የውጭ ሻጭ አይገደድም የሚል ቅሬታ ማሰማታቸው ወሰኑን በየአገሩ እያጠበበው መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እስከ 22 ዩሮ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻነት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ አስቀርቷል። በዚያው ቀን ሻጩ ታክሱን በግዢው ሰዓት አስከፍሎ በአንድ ምዝገባ ለኅብረቱ አባል አገሮች የሚያስተላልፍበት አሠራር ተጀመረ። እንግሊዝም ከ2021 መግቢያ ጀምሮ እስከ 135 ፓውንድ ለሚደርስ ግዢ ተመሳሳይ አሠራር ትከተላለች። ታክሱ በግዢው ሰዓት ከተከፈለ በበር ላይ የሚጠየቅ ታክስ ስለማይኖር የአገልግሎት ክፍያውም ይቀራል፤ ለገዢው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

አሜሪካ በበኩሏ የ800 ዶላሩን ነጻነት እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ለቻይናና ለሆንግ ኮንግ፣ በኦገስት 29 ቀን 2025 ለቀሪው ዓለም አቋረጠች። ቀረጡን ማን ሰብስቦ ለማን እንደሚያስረክብ ባለመደላደሉ 88 የፖስታ ድርጅቶች አገልግሎታቸውን በከፊል ወይም በሙሉ እንዳቆሙ የዓለም ፖስታ ኅብረት አስታውቋል። በዚያ ቀን ወደ አሜሪካ የሄደው የፖስታ ፍሰት ከሳምንቱ በፊት ከነበረው በ81 በመቶ ቀንሶ ነበር። እስከ 100 ዶላር የሚያወጣ እውነተኛ ስጦታ ግን ነጻ ሆኖ እንዲቀጥል ተደርጓል፤ ከዘመድ ለዘመድ የሐበሻ ልብስ ለሚላላኩ ቤተሰቦች ይህ ጠቃሚ ነው። ስጦታ የሚባለው ግለሰብ ለግለሰብ ያለ ክፍያ የላከው ነው። ገዢው ራሱ ከፍሎበት ሻጩ «ስጦታ» ብሎ የጻፈበት ጥቅል ይህን አያሟላም።

ቅሬታና ተመላሽ

ደረሰኙ ሲመጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ታክሱና የአገልግሎት ክፍያው ለየብቻ መጻፋቸው ነው። የዕቃው ዋጋ፣ አመዳደቡ ወይም የተሠራበት አገር ተሳስቶ ከሆነ አቤቱታው የሚቀርበው ለጉምሩክ ነው፤ የክፍያ ማረጋገጫና የሻጩ ኢንቮይስ ማስረጃ ይሆናሉ። በግዢው ሰዓት የተከፈለ ታክስ በድጋሚ ከተጠየቀም እነዚሁ ሰነዶች ያስፈልጋሉ። የአገልግሎት ክፍያው ከታተመው ዋጋ ከበለጠ ደግሞ ጥያቄው ለአጓጓዡ ነው።

ያልተስማማ ዕቃ ለሻጭ ሲመለስ ብዙ አገሮች የተከፈለውን ቀረጥ የሚመልሱበት ሥርዓት አላቸው፤ ማመልከቻው በጊዜ ገደብ የተወሰነ ነው፣ ዕቃው ከአገር ስለመውጣቱም ማስረጃ ይጠይቃል። የአገልግሎት ክፍያው ግን ሥራው ስለተሠራ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ተቀባዩ አልከፍልም ካለ ጥቅሉ ወደ ላኪው ይመለሳል ወይም ይወገዳል፤ የመመለሻውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በሻጩ የሽያጭ ውል ይወሰናል።

ከማዘዝ በፊት ማረጋገጥ የሚገባው እንግዲህ ጥቂት ነው፦ ሻጩ ታክሱን በግዢው ሰዓት ያስከፍላል ወይስ በተቀባዩ ላይ ይተወዋል፣ ዕቃው የት ተሠራ፣ የቀረጡ ምጣኔ ስንት ነው፣ ጥቅሉን የሚያመጣው ድርጅት ለአገልግሎቱ ምን ያስከፍላል። እነዚህ መልሶች ከተገኙ ሙሉው ሂሳብ ከክፍያው በፊት በወረቀት ላይ ሊሰላ ይችላል።