መንዝና ግሼ፤ የምድሩ አቀማመጥ፣ የሕዝቡ ኑሮና የአስተዳደሩ ሥርዓት

ከሰሜን ሸዋ ደጋ ተነሥቶ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ገበያ የሚወርደው በግ፣ ሱፍ፣ ገብስና ባቄላ ለነጋዴው ሁሉ የታወቀ ሸቀጥ ነው። ሸቀጡ የሚወጣበት አገር ግን የሸቀጡን ያህል የታወቀ አይደለም። መንዝና ግሼ በስፋቱ ትንሽ ቢሆንም የታወቀ ወሰን፣ የቆየ ወግና ለብዙ ዘመን ራሱ ሲጠብቀው የኖረ የመሬት ሥርዓት ያለው አገር ነው። በዚያ አገር የበግ ዋጋ ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ የገብስ መጠን ለምን ከዓመት ዓመት እንደሚለያይ ለመረዳት የሚሻ ሰው በመጀመሪያ ምድሩን፣ ሕዝቡንና አስተዳደሩን ማወቅ ይኖርበታል። ከዚህ በታች የቀረበው መግለጫ ለዚሁ እንዲረዳ የተዘጋጀ ነው።

የምድሩ አቀማመጥ

መንዝ የሚባለው አገር በምሥራቅ በኩል የአዋሽንና የዓባይን ተፋሰስ በሚለየው በረጅሙ የተራራ ሰንሰለት፣ በደቡብ በሞፈር ወንዝ፣ በምዕራብ በአዳባይና በወንጭት፣ በሰሜን ደግሞ በቀጨኔ ወንዝ ይወሰናል። ከወንጭት ማዶ መርሐቤቴ ይገኛል። የመንዝ ምድር ከጥንት ጀምሮ በሦስት ይከፈላል፤ ይኸውም በደቡብ ላሎ ምድር፣ በመካከል ማማ ምድር፣ በሰሜን ጌራ ምድር ነው። ከቀጨኔ በስተሰሜን ያለው አገር ግሼ ሲሆን፣ ወደ ወሎ የሚያዋስነውም እርሱ ነው።

አገሩ የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች መለያያ ነው። በምሥራቁ ገደል ጫፍ ላይ የወረደው ዝናም ወደ አዋሽ ሲፈስ፣ በምዕራብ በኩል የወረደው ግን በወንጭትና በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ ይገባል። ወንዞቹ ምድሩን በጥልቅ ስለ ቆፈሩት አንዱን መንደር ከሌላው የሚለየው ሸለቆ ብዙ ጊዜ የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናል። የደጋው ሜዳ በአብዛኛው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ በምሥራቁ ጠርዝ ያለው የጓሳ ምድር ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ከፍታ ላይ ጤፍ አይበቅልም፤ ውርጭ ሲወርድ ባቄላውንና ስንዴውን ያቃጥላል። ከሁሉ ይልቅ የሚችለው ገብስ ነው፤ ስለዚህም ገብስ የአገሩ እንጀራ፣ ቆሎ፣ በሶና ጠላ ሆኗል።

ዝናሙ ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ክረምት ሲሆን ሁለተኛው ከየካቲት ገደማ ጀምሮ የሚጥለው በልግ ነው። በሌላው አገር በልግ እንደ ተጨማሪ ሲቈጠር በመንዝና በግሼ ከፍተኛ ቦታዎች ግን ብዙ ገበሬ የሚተማመነው በበልግ ገብስ ነው፤ ምክንያቱም የክረምቱ ብርድ፣ በረዶና የውኃ ብዛት እህሉን ስለሚያበላሸው ነው። በልግ በቀረ ዓመት ችግሩ ወዲያው በገበያ ላይ ይታያል።

ራቤልና ግሼ

የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ ራቤል ነው፤ ወረዳውም ብዙ ጊዜ ግሼ ራቤል እየተባለ ይጠራል። ስሙ ከወሎዋ ከግሸን ማርያም አምባ ጋር ስለሚቀራረብ አንዳንድ ሰዎች ሁለቱን ያምታቷቸዋል፤ ነገር ግን የተለያዩ አገሮች ናቸው። ወደ ራቤል የሚሄድ መንገደኛ ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አድርጎ ወደ ሰሜን ይጓዛል።

የራቤል የንግድ ጥቅም ከአቀማመጧ የመጣ ነው። በምሥራቅ በኩል ካለው ደጋ ጫፍ ወደ አንጾኪያ ቆላ ሲወረድ አየሩም ሰብሉም ፈጽሞ ይለወጣል። የደጋው ሰው ገብስ፣ ባቄላ፣ በግና ሱፍ አለው፤ የቆላው ሰው ማሽላ፣ ጤፍና በቆሎ አለው። አንዱ የጐደለውን ከሌላው ስለሚያገኝ በደጋና በቆላ መካከል ያለው ገበያ ከመኪና መንገድ በፊት በአህያና በበቅሎ ጀርባ ሲካሄድ የኖረ ነው።

ሕዝቡና ታሪኩ

የመንዝና የግሼ ሕዝብ አማርኛ ተናጋሪ ሲሆን በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሃይማኖት ተከታይ ነው። ቤቱን በድንጋይ ካብ ሠርቶ በሣር ይከድናል። ከብርዱ የተነሣ የሚለብሰው ወፍራም የሱፍ ልብስ ከጥጥ ሸማ ለባሹ ከቆላው ሰው ይለየዋል።

በታሪክ ረገድ የመንዝ ስም የሚጠራው የሸዋ ነገሥታት መነሻ በመሆኑ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነጋሢ ክርስቶስ ወረደ ቃል ከመንዝ ተነሥተው የሸዋን አገዛዝ መሠረቱ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአምኃ ኢየሱስ ጊዜ መናገሻው ወደ አንኮበር ተዛወረ፤ ከዚያው ዘር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ በኋላም ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ወጡ። ነገሥታቱ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሲሰፉ መንዝ ራቅ ያለና ጸጥ ያለ አገር ሆኖ ቀረ። ከዚህም የተነሣ የጥንቱ ወግና የመሬት ሥርዓት በሌላው አገር ከተለወጠ በኋላ እንኳ በመንዝ ሳይናወጥ ኖሯል።

አስተዳደሩ

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት አገሩ መንዝና ግሼ ተብሎ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ነበር። ዛሬ አውራጃው የለም፤ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን ሥር መንዝ ላሎ ምድር፣ መንዝ ማማ ምድር፣ መንዝ ጌራ ምድር፣ መንዝ ቀያ ገብርኤልና ግሼ ራቤል እየተባሉ በሚጠሩ ወረዳዎች ተከፍሏል።

ነገር ግን በዚህ አገር ላይ የገበሬውን ኑሮ ከሁሉ ይልቅ ሲገዛ የኖረው ከላይ የተሾመው ሹም ሳይሆን ከታች ያለው የርስት ሥርዓት ነው። አጽመ ርስት በሚባለው ወግ መሠረት አንድ ሰው መሬት የሚያገኘው አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ሲያስረዳ ነው። የጓሳም አጠባበቅ የተመሠረተው በዚሁ ወግ ላይ ነው።

ጓሳ የሣር ስም ነው፤ ሣሩ የሚበቅልበትም ሰፊ ምድር በዚሁ ስም ይጠራል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳና ለመጥረጊያ የሚሆን ጠንካራ ሣር ስለሆነ፣ እንዲሁም በድርቅ ጊዜ የከብት መሰማሪያ ሌላ ስለማይገኝ፣ የአገሩ ሰው ያለ ጓሳ መኖር አይችልም። እንደሚነገረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ምድሩን በፈረስ ግልቢያ ለሁለት ተካፍለው ለልጅ ልጆቻቸው የጋራ እንዲሆን አቆዩት። ከዚያ ወዲህ በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ባለ ርስቶቹ በየአጥቢያቸው ተደራጅተው አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቃውም ምድሩ ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ያህል ተዘግቶ እንዲቆይ ያደርጋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ወራት ተከፍቶ ይታጨዳል፤ ከብትም ይሰማራበታል። ክረምቱ ሲገባ፣ በሐምሌ በሐዋርያት በዓል ገደማ፣ ዳግመኛ ይዘጋል። ጥበቃው በተራ ስለሆነ ተራውን ያጓደለም፣ በተዘጋው ሣር የገባም ይቀጣል፤ በተሰረቀ ሣር የተከደነ ቤት እስከ መቃጠል የሚደርስ ቅጣት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ አጽመ ርስት ቀረ፤ ከእርሱም ጋር የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ። ጓሳ የሁሉ ስለሆነ የማንም ያልሆነ ያህል ሆነ፤ ሣሩ ያለ ጊዜው ታጨደ፣ ጫፉም ታረሰ። የአካባቢው ሰው ጉዳቱን ስላየ በአዲስ መልክ ኮሚቴ መርጦ ጥበቃውን እንደገና አቆመ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል መንግሥት ምድሩን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በደንብ ሕጋዊ መብት ሰጠው። በዚህ ምድር የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ቁጥሩ ከ500 የማይበልጥ አውሬ ስለሆነ፣ ጭላዳም በብዛት ስለሚገኝ፣ ጓሳ ለጐብኚዎችም የታወቀ ሆኗል። ለአገሩ ሰው ግን ዋናው ጥቅም ሣሩና ውኃው ነው።

በግ፣ ሱፍና ባና

የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ላቱም አጭር ነው። ነገር ግን ብርድና የመኖ እጦት ይችላል፤ ሻካራ ቢሆንም ሱፍ ይሰጣል። ሱፉ በእጅ ተፈትሎ በሸማኔ እጅ ባናና ዝተት ይሆናል። በልግ በጠፋ ዓመት ገበሬው እህል የሚሸምተው በጉን ሸጦ ስለሆነ በጉ የአገሩ ባንክ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ይህን ሀብት ለማሳደግ ብዙ ተሞክሯል። በ1957 ዓ.ም. የደብረ ብርሃን የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ። በ1972 ዓ.ም. ገደማ አዋሲ የተባለ ዝርያ ከእስራኤል አገር መጥቶ ከመንዙ በግ ጋር እንዲዳቀል ተደረገ፤ የመንዙ የአመድ ጓያ በግ ማራቢያ ጣቢያም የተዳቀሉትን ለገበሬው ሲያከፋፍል ቆይቷል። ሆኖም የተዳቀለው ዝርያ በገበሬው ዘንድ የታሰበውን ያህል አልተስፋፋም። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ግን በተመራማሪዎች እርዳታ ሌላ መንገድ ተያዘ፤ ይኸውም ገበሬዎች ራሳቸው ተሰብስበው ከመንጋቸው የተሻለውን አውራ መርጠው በጋራ እንዲያረቡበት ነው። ዝርያው የአገሩ፣ ውሳኔውም የገበሬው ስለሆነ፣ ይህ ዘዴ ከጓሳ አጠባበቅ ጋር አንድ ዓይነት መሠረት አለው።

የሌሶቶ ምሳሌ

መንዝና ግሼን የሚመስል አገር በአፍሪካ ሌላ ቢፈለግ የመጀመሪያው ሌሶቶ ነው። ስፋቱ ከ30,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ በአራቱም ማዕዘን በደቡብ አፍሪካ የተከበበ፣ ዝቅተኛው ቦታው እንኳ ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ የተራራ አገር ነው። በ1959 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጥበቃ ነጻ የወጣ ሲሆን ንጉሥ አለው፤ መንግሥቱን የሚመራው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱ በአብዛኛው የባላባቶች ነው።

የሌሶቶ ሕዝብም በበግና በፍየል ይተዳደራል፤ ሱፉና የአንጎራ ፍየሉ ጠጉር የውጭ ንግዱ ክፍል ነው። ባላባቶቹ የግጦሽና የቤት ክዳን ሣር የሚበቅልበትን ቦታ ለተወሰነ ጊዜ እየዘጉ የሚያስጠብቁበት ሌቦኤላ የሚባል የቆየ ወግ አላቸው። ይህ ወግ በላላበት ቦታ መሬቱ በጐርፍ ተሸርሽሯል። ከንግድ በኩል ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። የሌሶቶ ሰው መለያው ብርድ ልብስ ነው፤ ብርድ ልብሱ ግን የሚሠራው በደቡብ አፍሪካ ፋብሪካ ነው። ሱፉም አብዛኛውን ጊዜ ሲሸጥ የኖረው በዚያው አገር ጨረታ ነው። ስለዚህ የሥራው ትርፍ በውጭ ይቀራል። መንዝ ግን ባናውንና ዝተቱን እስካሁን በራሱ እጅ ይሠራል፤ ይህም ሊጠበቅ የሚገባው ጥቅም ነው።

ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባ

ከዚህ ሁሉ ለንግድ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ በመንዝና በግሼ የገበያው ምልክት በልግ ነው። በልግ ሲጠፋ በግ በብዛት ወደ ገበያ ይወጣል፤ ዋጋውም ይወርዳል፤ የእህል ዋጋ ግን ይወጣል። በዚያ ጊዜ እናት በግ ሳይቀር በርካሽ የሚሰበስብ ነጋዴ ለአንድ ዓመት ቢያተርፍም በሚቀጥለው ዓመት የሚገዛው ግልገል አያገኝም። እህል ይዞ ወደ ራቤልና ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣ ነጋዴ ግን ገበሬው መንጋውን እንዳይጨርስ ያግዘዋል፤ ደንበኛም ያተርፋል።

ሁለተኛው፣ የጓሳን ሣር የሚገዛ ሰው የተዘጋበትንና የተከፈተበትን ጊዜ መጠየቅ ይገባዋል። ያለ ጊዜው የታጨደ ሣር ገዢ ካላገኘ አጫጁ አይደፍርም፤ ስለዚህ ሕጉን የሚያጸናው ጠባቂው ብቻ ሳይሆን ገዢውም ጭምር ነው።

ሦስተኛው፣ ሱፉን ጥሬውን ከማጓጓዝ ይልቅ በጥራት ታጥቦ፣ በቀለም ተለይቶ፣ በአገሩ ተፈትሎና ተሸምኖ እንዲወጣ ለሚያደርግ ነጋዴ ሰፊ ቦታ አለ። ባና ዛሬም በአገሩ ሰው ዘንድ ይፈለጋል፤ በከተማ ግን መጠኑና ጥራቱ ተመሳሳይ ሆኖ ስለማይቀርብ ከፋብሪካ ብርድ ልብስ ጋር መወዳደር አልቻለም።

የመንዝና የግሼ ምድር ብርዳም ነው፤ አፈሩም ስስ ነው። ሕዝቡ በዚህ ምድር ላይ ለዘመናት የኖረው ሀብቱ ስለ በዛለት አይደለም፤ ያለውን በልክ ለመጠቀም ተስማምቶ ስምምነቱን በራሱ ዳኝነት ስላስከበረ ነው። ይህ ስምምነት በ1967 ዓ.ም. በፈረሰ ጊዜ ምን እንደ ሆነ፣ እንደገና በቆመም ጊዜ ምን እንደ ተገኘ ታይቷል። በዚያ አገር የሚነግድ ሰው ከበጉና ከገብሱ ጋር ይህንንም ሥርዓት የንግዱ መሠረት አድርጎ ሊቈጥረው ይገባል።