ጠገራ ብርና ሜዳይ፡ እውነተኛነታቸው በሚዛንና በመለኪያ እንዴት ይታወቃል?

ሰንጋ ተራ ዛሬ የባንክ ሕንፃዎች የተደረደሩበት የአዲስ አበባ ሰፈር ነው። ስሙ ግን የሚያስታውሰን ባንክን ሳይሆን ሰንጋን ነው። ሰንጋ የሚገዛ ገበሬ በቁመናው ብቻ ተማርኮ ገንዘቡን አያወጣም። ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ አረማመዱን ይመለከታል፤ ዋጋ የሚቆርጠው ሁሉም ምልክቶች ሲስማሙለት ነው። ከአያት ቅድመ አያት የተወረሰ ጠገራ ብር ወይም ሜዳይ የሚሸጥም ሆነ የሚገዛ ሰው ሊከተለው የሚገባው መንገድ ይኸው ነው።

በገጠርም በከተማም በየቤቱ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያሉ ቅርሶች ይገኛሉ። ችግር ሲመጣ እውነተኛው በርካሽ ይሸጣል፤ ሐሰተኛው ደግሞ በውድ ይገዛል። ከሁለቱም ጉዳት ለመዳን ጥሩ ሚዛን፣ መለኪያና አንድ ብርጭቆ ውኃ ብዙ ይረዳሉ።

ብሩ ራሱ ሚዛን ነበር

ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር እየተባለ የሚጠራው ገንዘብ የኦስትሪያዋን ንግሥት የማሪያ ቴሬዛን ምስል የያዘ ነው። ንግሥቲቱ ያረፈችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተመቱት ብሮች ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዘዋል። በአገራችን እስከ 1937 ዓ.ም. የገንዘብ ለውጥ ድረስ አገልግሏል።

ብሩ መገበያያ ብቻ አልነበረም። ወርቅ ይመዘንበት የነበረው ወቄት የአንድ ጠገራ ብር ክብደት፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ ነበር። ብሩ ለሌላው ዕቃ የሚዛን ድንጋይ ሆኖ ማገልገል የቻለው ክብደቱ የታወቀና የተወሰነ ስለነበር ነው። ዛሬም እውነተኛነቱን ለመመርመር የምንጀምረው ከዚሁ ክብደት ነው።

ክብደት፣ ስፋትና ውፍረት

የጠገራ ብር ሕጋዊ ክብደት 28.07 ግራም ነው። ከዚህ ውስጥ 83.3 በመቶው ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 40 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ ደግሞ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የተመታው የዳግማዊ ምኒልክ ብርም ከእርሱ ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ክብደቱ 28.075 ግራም፣ የብር መጠኑም 83.5 በመቶ ነው።

ለዚህ ሥራ የሽንኩርትና የስኳር ሚዛን አይበቃም። የግራምን መቶኛ የሚያነብ የወርቅ ቤት ሚዛን ያስፈልጋል። ስፋቱንና ውፍረቱን ለመለካት ደግሞ የብረታ ብረት ባለሙያዎች የሚገለገሉበት ካሊፐር ተመራጭ ነው።

ሦስቱን መለኪያዎች በአንድነት ማየት ግድ ነው። ምክንያቱም አስመሳዩ አንዱን ሲያሟላ ሌላው ይጎድልበታል። ናስ ከብር የቀለለ ነው፤ በትክክለኛው ስፋትና ውፍረት የተሠራ የናስ ብር ቢመዘን 23 ወይም 24 ግራም ብቻ ይሆናል። አስመሳዩ ክብደቱን ወደ 28 ለማድረስ ከፈለገ ውፍረቱን በአንድ አምስተኛ ያህል መጨመር ይኖርበታል። እርሳስ በበኩሉ ከብር ስለሚከብድ፣ በእርሳስ የተሠራው በልኩ ሲሆን 31 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ብዙ እጅ ያለፈበት ብር በመፋቅ ጥቂት የግራም ነጥቦች ቢጎድሉት አያስደንቅም። ለአንገት ጌጥ ሲባል የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ብርም ክብደቱ ይለወጣል። ቀዳዳ ሳይኖረው ከ27 ግራም በታች የወረደ ግን ተጨማሪ ምርመራ ይሻል።

የውኃው ሙከራ

የመጠንና የክብደትን ስምምነት በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ቀላል ዘዴ አለ። ውኃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ንባቡን ወደ ዜሮ መመለስ፤ ቀጥሎም ብሩን በቀጭን ክር አስሮ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ማንጠልጠል ነው። በዚህ ጊዜ ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም ብሩ የገፋውን ውኃ ያህል ነው።

ለእውነተኛ ጠገራ ብር ይህ ንባብ 2.75 ገደማ ይሆናል። 28.07 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ይመጣል፤ ይህም በጠገራ ብር ልክ የተቀላቀለ ብርና መዳብ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ውጤቱ 8.5 አካባቢ ከሆነ ናስ፣ ወደ 9 የቀረበ ከሆነ ደግሞ መዳብ ሳይሆን አይቀርም። ማግኔት የሚስበው ብር ከሆነም ውስጡ ብረት አለበትና ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልገውም።

ክብደት የማይነግረን ነገር

ሚዛን የማዕድኑን ዓይነት እንጂ ዕድሜውን አይናገርም። ጠገራ ብር ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ጭምር ተመትቷል። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮም አስመትታለች። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ሁሉም 1780 የሚል ጽሑፍ አላቸው፤ ብርነታቸውም እውነተኛ ነው። ስለዚህ «የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ አለው» ብሎ ዋጋ ለሚጠይቅ ሻጭ ሚዛኑ ምስክር ሊሆነው አይችልም።

ዓይንም ሥራ አለው። የቀድሞው ባላገር ብሩን ከመቀበሉ በፊት በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ጎልተው መታየታቸውን ይመረምር ነበር። በብሩ ጠርዝ ዙሪያም ጎልተው የወጡ የላቲን ፊደላት አሉ። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ አስመሳይ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ስፋቱ በጥቂቱ ይቀንሳል፣ ፊደላቱ ይደበዝዛሉ፣ ገጹም ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ።

ሜዳይ ሲሆን

ሜዳይ እንደ ገንዘብ አንድ ሕጋዊ ክብደት የለውም። ስለዚህ የሚመዘነውና የሚለካው እውነተኛነቱ ከተረጋገጠ ተመሳሳይ ሜዳይ ጋር እየተነጻጸረ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ኒሻኖችና ሜዳዮች አንዳንዶቹ በፓሪስ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ አዲስ አበባ በነበረው በጌጣ ጌጥ ሠሪው በሴቫጂያን ቤት ተሠርተዋል። ስለዚህ የአንድ ዓይነት ሜዳይ ክብደት እንደ ሠሪው ሊለያይ ይችላል። ጀርባው ላይ ያለውን የሠሪ ስም፣ የማንጠልጠያ ቀለበቱን አበያየድና የጥብጣቡን ቀለም አብሮ ማየት ተገቢ ነው።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ መዝመት ለጀመሩት የቃኘው ሻለቆች አባላት የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር ሲሆን የተሠራው ከነሐስ ቅይጥ ነው። «ወርቅ ነው» የሚል ሻጭ ቢመጣ የውኃው ሙከራ ያጋልጠዋል። «ነሐስ ስለሆነ ዋጋ የለውም» የሚል ገዢም ቢመጣ ቤተሰቡ ሊታለል አይገባም። የዚህ ሜዳይ ዋጋ ያለው በለበሰው ዘማች ታሪክ ነው። አብሮት የተቀመጠ የምስክር ወረቀት፣ ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ካለ ከሜዳዩ መለየት የለበትም።

ከመሸጥ በፊት

ጠገራ ብርንም ሆነ ሜዳይን በአመድ፣ በሎሚ ወይም በአሸዋ ማሸት አይገባም። የዘመን ጥቁረቱ ሲፋቅ ክብደቱም የሰብሳቢ ዋጋውም ይቀንሳል።

አንድ ሙሉ ጠገራ ብር 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለው። ይህን ቁጥር በዕለቱ የአንድ ግራም ብር ዋጋ ማባዛት የማዕድኑን ዋጋ ያሳያል። ባለቤቱ ይህን አስልቶ ገበያ ከወጣ፣ ገዢው ያቀረበለት ዋጋ ከማዕድኑ ዋጋ ምን ያህል እንደሚያንስ ወይም እንደሚበልጥ ያውቃል።

ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ገዢው ወደ ውጭ ሊወስደው እንዳሰበ ከተናገረ፣ ከሽያጩ በፊት በአቅራቢያ የሚገኘውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።