ፑላስኪ፦ መጥረቢያና ዶማ በአንድ ዛቢያ

በአሜሪካ ምዕራባዊ ተራሮች የእግረኛ መንገድ የሚጠግኑ ሠራተኞች ከእጃቸው የማይለዩት መሣሪያ ፑላስኪ ይባላል። ብረቱ በአንድ ወገን መጥረቢያ፣ በሌላው ጠባብ ዶማ ነው፤ ዛቢያው 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሠራተኛው መንገድ ላይ ያፈጠጠውን ሥር በዶማው ቆፍሮ ያወጣዋል፤ ከዚያ ብረቱን ገልበጥ አድርጎ በመጥረቢያው ይቆርጠዋል። ግማሽ ቀን ዳገት ለሚወጣ ሰው አንድ ዕቃ መቀነሱ ትልቅ ነገር ነው።

ስሙ የመጣው ከደን ጠባቂው ኤድ ፑላስኪ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1910 አይዳሆንና ሞንታናን ያጋየው ሰደድ እሳት በሁለት ቀን 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ሲበላ፣ ፑላስኪ ዋላስ ከተማ አቅራቢያ ከ40 የሚበልጡ ሰዎችን ይዞ ማዕድን ማውጫ ዋሻ ውስጥ ገባ። በድንጋጤ ሊወጡ የሞከሩትን ሽጉጥ መዞ አስቀራቸው። አምስቱ እዚያው ሞቱ፤ ሌሎቹ በሕይወት ወጡ። መጥረቢያና ዶማን ያጣመረ መሣሪያ ከእሱ በፊትም ነበር፤ ከእሳቱ በኋላ ግን እሱ ያሻሻለው ዓይነት በደን ሠራተኞች ዘንድ ተስፋፋ።

ዛሬም ተፈላጊነቱ አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ጥብቅ በተባሉ የዱር ሥፍራዎች ሞተር ያለው መሣሪያ መጠቀምን ስለሚከለክል፣ የወደቀ ግንድ በእጅ መጋዝ ይቆረጣል፤ ከባድ ጓዝ በበቅሎ ይጫናል፤ የቀረው የሰው ክንድ ሥራ ነው።

አያያዙ ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። ስለቱ በአፎት ይሸፈናል። ፑላስኪ ትከሻ ላይ አይጣልም፤ ከብረቱ ሥር ተጨብጦ በቁልቁለቱ ወገን ወደ ታች ይንጠለጠላል። የሚያንሸራትት ቦታ ካጋጠመ ሠራተኛው መሣሪያውን ወደ ገደሉ ወርውሮ ባዶ እጁን ይወድቃል። በሁለት ሰዎች መካከል ሦስት ሜትር ያህል ይተዋል። አውሬ ሲታይ ይህን ሁሉ ደንብ መርሳት ቀላል ነው። ከድንጋይ ክምር ላይ ማርሞት የተባለው የተራራ እንስሳ ሲያፏጭ ሁሉም ቀና ይላል፤ ስለት የያዘ ሰው ግን መጀመሪያ መቆም፣ መሣሪያውን ማስቀመጥ፣ ከዚያ ማየት አለበት።

አንዳንዱ እንስሳ ደግሞ ራሱ መሣሪያውን ፈልጎ ይመጣል። የእንጨት ዛቢያ ላብ ይጠጣል፤ በላቡ ውስጥ ጨው አለ። ዕፅዋት ብቻ የሚበላ እንስሳ ጨው ያጥረዋልና፣ የሰሜን አሜሪካ ጃርት ሌሊት ሰፈር ድረስ መጥቶ ዛቢያውን ይቀረጥፋል። በማግስቱ ሠራተኛው የሚያገኘው የተቦረቦረ፣ ሲጨብጡት የሚቆረቁር እንጨት ነው።

የተራራ ፍየሎችም ይህንኑ ጨው ፍለጋ፣ ከብት አሞሌ ሲያይ እንደሚሆነው፣ ሰውን ይከተላሉ። በዋሽንግተን ግዛት የኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ፍየሎቹ ሰው አምጥቶ የለቀቃቸው ነበሩ፤ የተፈጥሮ ጨው በአካባቢው እምብዛም ስለሌለ የመንገደኛን ላብና ሽንት መላስ ለመዱ። እ.ኤ.አ. በ2010 አንዱ ፍየል አንድ ተጓዥ ወግቶ ገደለ። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2020 ከ300 በላይ ፍየሎች በሄሊኮፕተር እየተነሡ፣ የተፈጥሮ ጨው ወደሚያገኙበት ወደ ካስኬድ ተራሮች ተወሰዱ።