የጭነት ባቡርን ፎቶ ማንሳት፦ ፀሐይዋ በየት በኩል ናት?

ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አጠገብ ቆሞ ፎቶ ያልተነሳ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። አሮጌው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ግን የአገሪቱን ጭነት ሲጎትት የኖረውን ሎኮሞቲቭ ዞር ብሎ ያነሳው ስንቱ ነው? ዛሬም ያው ነው። በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ መስመር ሲነሳ ፎቶው ሁልጊዜ የመንገደኛው ባቡርና የለቡ ጣቢያ ነው። ማዳበሪያውን፣ ስንዴውንና ኮንቴይነሩን እየጎተተ ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋው የሚወጣው ሎኮሞቲቭ ባለውለታችን ሆኖ ሳለ አንድ ጥሩ ፎቶ አጥቷል። ይህ ጽሑፍ ከሐዲድ ዳር ቆሞ እሱን ስለማንሳት ነው።

ካሜራው የትኛውም ይሁን። ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ብቻ ልበል። በመስመሩ ላይ የጭነት ባቡር እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል፤ ይህ በሰከንድ 22 ሜትር ነው። የካሜራው ሻተር 1/250 ሰከንድ ላይ ከሆነ በዚያች ቅጽበት ባቡሩ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛልና ግንባሩ ላይ ያለው ቁጥር ይደበዝዛል። 1/1000 ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ይነበባል። የቀረው ትዕግሥት ነው፤ የጭነት ባቡር የሰዓት ሰሌዳ ጣቢያ ላይ አይለጠፍም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አብዛኛው ሰው ባቡር ማንሳት የሚማረው ከአውሮፓ መጻሕፍት ነው፤ መጻሕፍቱ ደግሞ «ከሐዲዱ በስተደቡብ ቁም፣ ፀሐይዋ ከኋላህ ትሆናለች» ይላሉ። ለለንደንና ለፓሪስ ልክ ነው። ለእኛ ግን አይሠራም። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆኑ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። ምክሩን ሰምቶ በሰኔ ቀትር በስተደቡብ የቆመ ሰው ፀሐይዋን ከባቡሩ ጀርባ ያገኛታል፤ የሚያነሳውም ጥላውን ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት የሱዳን ጦርነት ሳይመጣ በፊት፣ ካርቱም አል-ማንሺያ በኖርኩበት ጊዜ ነው። ካርቱም ከእኛ ይልቅ ወደ ሰሜን ትርቃለች፤ እዚያም ቢሆን ግን ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ነሐሴ የመጀመሪያ ቀናት ድረስ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። የሱዳን ባቡር ከካርቱም ወደ ሰሜን ካርቱም (ባሕሪ) ጥቁር ዓባይን የሚሻገርበት፣ በእንግሊዞች ዘመን የተሠራው ድልድይ አካባቢ ቆሜ ጥላዬን ከእግሬ ሥር በስተደቡብ አጥሮ አየሁት። ካሜራዬን ግን አላወጣሁም፤ ድልድይ ማንሳት ክልክል ነበር። አጠገቤ የነበሩ፣ በሱዳኗ የባቡር ከተማ በአትባራ የሠሩ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ፣ ፎቶግራፍ አንሺ ሳይሆኑ፣ ሎኮሞቲቭ በደንብ የሚታየው ፀሐይ ስታዘነብል እንደሆነ ነገሩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥሩ እየገቡ ሲጠግኑት ስለኖሩ ያውቁታል።

እውነታቸውን ነው። የሎኮሞቲቭ ውበት ከወገቡ በታች ነው። መሽከርከሪያውን የተሸከሙት ወፋፍራም ሞላዎች፣ የፍሬኑ ብረቶች፣ ከመሽከርከሪያው ፊት ወደ ሐዲዱ የወረደው ቀጭን የአሸዋ ቱቦ፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። ቱቦው ዳገት ላይ መሽከርከሪያው እንዳይንሸራተት አሸዋ ያፈሳል፤ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚወጣ ባቡር ትንሽ ነገር አይደለም። በ6 ሰዓት ፀሐይ ይህ ሁሉ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይቀራል። ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ ከጎን ገብቶ እያንዳንዱን ብሎን ያወጣዋል።

ከሰዓት በኋላን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አገራችን ከምትልከው የምታስገባው ይበልጣል፤ ስለዚህ ጭነት የሞላው ባቡር በአብዛኛው ከጅቡቲ የሚመጣው ነው፤ የሚመጣውም ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ነው። የማታ ፀሐይ የምትመታው ግንባሩን ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን ማንሳት የፈለገ በጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይውጣ። ለእኔ ከመተሐራ የሚበልጥ ቦታ የለም፤ የበሰቃ ሐይቅ፣ የፈንታሌ ተራራና ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ባሉበት ረጅም የኮንቴይነር ባቡር ሲያልፍ ማየት ነው። ሎኮሞቲቩን ብቻ ቆርጠው የሚያስቀሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ፉርጎዎቹ ከሌሉ የሚጎትተው ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?

ሐዲድ ላይ ቆመው ለሠርግ አልበም የሚነሱ ሙሽሮችንና የሚያቆሟቸውን ፎቶግራፈሮች ግን መገሠጽ አለብኝ። የጭነት ባቡር ፍሬን ከያዘ በኋላም ብዙ መቶ ሜትሮች ይሄዳል፤ በመስመሩ ላይ ስንት ግመልና ከብት እንዳለቀ አርብቶ አደሩን ጠይቁ። ኤሌክትሪክ ባቡር እንደ ድሮው አያጓራም፤ ቅርብ እስኪደርስ ላይሰማ ይችላል። ከላይ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት ይዟል፤ ሳይነኩትም በቅርበት ብቻ ይገድላል። ረጅም የብረት ዘንግ ላይ ካሜራ ሰቅላችሁ ወደ ሽቦው አታንሱ፤ አጥር አትዝለሉ። ጥበቃውን ሰላም በሉ፣ ፈቃድ ጠይቁ፤ ካልፈቀደ ተመለሱ።

ድሬዳዋ ያለው የአሮጌው መስመር ጋራዥም አይረሳ። አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ የሠሩ የፈረንሳይና የስዊዝ ሎኮሞቲቮችን ሲጠግን የኖረ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ፤ የቀረውን ብረት ዝገት እየበላው ነው። ፈቃድ አግኝቶ የሚገባ ሰው ሎኮሞቲቮቹን ከነቁጥራቸው ያንሳቸው።

ቤታችሁ አባታችሁ ወይም አያታችሁ ከባቡር ጋር የተነሱት ፎቶ ካለ ዛሬውኑ አውጡት። በሕይወት ያሉትን ጠይቃችሁ ጀርባው ላይ በእርሳስ ቦታውን፣ ዓመተ ምሕረቱንና የሎኮሞቲቩን ቁጥር ጻፉበት።