የመንገደኛ ምግብና የቤት ስንቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ አውቶቡሱ ለምሳ የሚቆመው ሹፌሩ በመረጠው ቦታ ነው። ከሚሴ ከሆነ የሙስሊም ምግብ ቤት አይቸግርም። በማይገኝበት ቦታ ቢቆምስ?

የሥጋው ነገር በአገራችን የታወቀ ነው፤ በሙስሊም እጅ ካልታረደ አንበላም። ጥያቄ የሚበዛው በሽሮው ላይ ነው። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በራሳቸው ሐላል ናቸው፤ ድስቱ ግን ሥጋ የተሠራበት ሊሆን ይችላል። አቡ ሠዕለባ (ረ.ዐ) ስለ አህለል ኪታብ ዕቃ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው ያገኙት መልስ፣ ሌላ ከተገኘ በእርሱ እንዳይበላ፣ ከታጣ ግን ታጥቦ እንዲበላበት ነው። ስለዚህ ድስቱ መታጠቡን በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም። ረቡዕና ዓርብ በአብዛኛው የጾም ምግብ ስለሚሠራ ነገሩ ይቀላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ስንቅ ነው። በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በኸይበር ዘመቻ፣ ሰህባእ በተባለ ስፍራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስንቅ እንዲቀርብ ሲያዙ የተገኘው ሰዊቅ ብቻ ነበር። በውኃ አርሰው በሉት፤ ከዚያም አፋቸውን ተጉመጥምጠው፣ ውዱእ ሳያድሱ መግሪብን ሰገዱ። ሰዊቅ የተቆላ ገብስ ወይም ስንዴ ዱቄት ነው፤ የእኛው በሶ ማለት ነው! እኛ ግን የድሃ ምግብ ነው ብለን ንቀነዋል፤ ሙሽራ ይመስል በሆቴል ወጥ ካልሆነ አንጓዝም። ገብሱን ከጉዞው ቀደም ብሎ ቆልቶ ማስፈጨት ብቻ ነው ሥራው። ለልጆች ትንሽ ስኳር፣ ለአዋቂ ጨውና ሚጥሚጣ፤ ዳቦ ቆሎም ቢጨመር መልካም ነው። ውኃና ኩባያ እንዳይረሳ፤ ከጎን ለተቀመጠውም መንገደኛ የሚበቃ ይያዝ።